የተነካካ ማርከር እንዴት ይያዛል? ለፔይንትቦል ውድድር አዘጋጅና ዳኛ

የመጀመሪያውን የፔይንትቦል ጨዋታ ያሸነፈው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቃታ አልሳበም። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ 12 ሰዎች ባንዲራ ለመሰብሰብ ጫካ ገቡ። የያዙት ኔልስፖት 007 የሚባል መሣሪያ ነበር፤ የደን ሠራተኞች የሚቆረጥ ዛፍን፣ አርቢዎች ደግሞ ከብታቸውን ከሩቅ በቀለም ምልክት የሚያደርጉበት። ሪቺ ኋይት የተባለ የደን ባለሙያ ማንም ሳያየው ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ። እንዲህ ላለው ሰው መሣሪያውን መነካካት ምን ይጠቅመዋል?

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። የውድድር ማርከር፣ ማለትም የቀለም ኳስ የሚተኩሰው መሣሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ በቀላሉ የሚሳብ ቃታ፣ ኳስ በሞተር የሚመግብ ሆፐርና 200 ወይም 300 ባር ገደማ የታመቀ አየር የሚይዝ ሲሊንደር አለው። በሰከንድ ከ10 ኳስ በላይ መትፋት አያቅተውም። ይህ ሁሉ የሚነካካ ነው፤ አንዱ በብሩጎላ፣ አንዱ በካቻቢቴ፣ አንዱ ደግሞ ያለምንም መፍቻ፣ ቁልፍ በመጫን ብቻ። ውድድር የሚያዘጋጁ ወይም የሚዳኙ ከሆነ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለእርስዎ የተጻፉ ናቸው።

በቅድሚያ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ይበጃል። ማጭበርበሩ በአብዛኛው የሚመጣው በሁለት በር ነው፤ ኳሷ በምትወጣበት ፍጥነትና በሰከንድ በሚወጣው የኳስ ብዛት። በአሜሪካ ሜዳዎች የተለመደው የፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። 3 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ በዚህ ፍጥነት ስትወጣ 12.5 ጁል አካባቢ ጉልበት ትይዛለች። ማርከሩን ወደ 330 ጫማ ያሳደገ ሰው የጨመረው 10 በመቶ ብቻ ይመስላል። ጉልበቱ ግን በ21 በመቶ ያድግና ከ15 ጁል ያልፋል። የአጭበርባሪው ትርፍ ግልጽ ነው፤ ኳሷ ይበልጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ራቅ ያለ ሰው ላይ ስታርፍም ሳትፈነዳ የመንጠር ዕድሏ ይቀንሳል። ኪሳራውን የሚከፍለው በቅርብ ርቀት የሚመታው ተጫዋች ነው። ብዛቱ ደግሞ ተቃራኒውን ከመከለያው ጀርባ አንገቱን ቀና እንዳያደርግ አድርጎ ይቸነክረዋል፤ እሱ ተቸንክሮ ሳለ ሌላው በጎን ይዞርበታል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው ሜዳ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው። በመሣሪያ ሊለካ የማይችል ደንብ አይጻፉ።

ይህንን አሜሪካኖቹ የተማሩት በብዙ ጭቅጭቅ ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት ኤን ፒ ፒ ኤል የተባለው ሊግ ከፊል አውቶማቲክ ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቃታ ሲሳብ አንድ ኳስ። በወረቀት ላይ ከዚህ የጠራ ደንብ የለም። ሜዳ ላይ ግን ተጫዋቾች በሁለት ጣት እያፈራረቁ ቃታውን እንደ ፒያኖ ይመቱት ጀመር፤ አንዳንዱ ቦርድ ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ከተሳበ በኋላ ከራሱ ኳስ እየጨመረ ይተኩሳል። ዳር የቆመ ዳኛ በጆሮው የሚሰማው ያው የሚንጣጣ ድምፅ ነው፤ የትኛው ኳስ ከጣት፣ የትኛው ከቦርድ እንደመጣ በምን ይለይ? ተፎካካሪው ሊግ ፒ ኤስ ፒ ሌላ መንገድ መረጠ። ቦርዱ ኳስ እንዲጨምር ፈቀደ፤ ነገር ግን በሰከንድ ከ15 እንዳያልፍ ጣሪያ ጣለበት። ጣሪያው በኋላ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ትልቁ የአሜሪካ ሊግ በሆነው በኤን ኤክስ ኤል ከ10 ብዙም አይርቅም። «ማጭበርበርን ሕጋዊ አደረጉት» ብለው የተቆጡ ነባር ተጫዋቾች ጥቂት አልነበሩም፤ ቁጣቸውም ይገባል። ለዳኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር። ሰዓት እስከ 15 መቁጠር ይችላል፤ የጣትን ሐሳብ ማንበብ ግን አይችልም።

ስለዚህ የእርስዎ ደንብ ውስጥ ቁጥሮች ይኑሩ፤ ከፍተኛው ፍጥነት፣ በሰከንድ የሚፈቀደው የኳስ ብዛት፣ እያንዳንዱ ጥሰት የሚያስከትለው ቅጣት። «ያልተገባ ማሻሻያ የተደረገበት መሣሪያ ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ ብቻውን ጠብ ከማስነሳት በቀር የሚፈይደው የለም። በዚህ ላይ ሁለት የማያሻሙ ዓረፍተ ነገሮች ያክሉ። አንደኛው፦ የማርከሩ ፍጥነት ያለ መፍቻ የሚስተካከል ከሆነ አይገባም፤ በእጅ የሚዞር ማስተካከያ ከዳኛው ፊት ዝቅ፣ ከመከለያው ጀርባ ከፍ ለማለት የተመቸ ነው። ሁለተኛው፦ ቦርዱ በውድድር ቁልፍ መዘጋት አለበት፤ ማለትም የአተኳኮስ ዓይነቱ ማርከሩ ሳይፈታ የማይቀየር መሆን አለበት። አብዛኞቹ የውድድር ማርከሮች ይህ መዝጊያ ከፋብሪካ አብሯቸው ይመጣል።

ቀጥሎ የራስዎን መለኪያ ይመርምሩ። የኳስ ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ በሚባል መሣሪያ ነው፤ በእጅ የሚያዝ የራዳር ዓይነት አለ፣ ኳሷ በሁለት የብርሃን ዳሳሾች መካከል ስታልፍ ጊዜውን የሚቆጥርም አለ። የኋለኛው በኃይለኛ ፀሐይ ወይም በሚርገበገብ መብራት ሥር ይሳሳታል፤ የመጀመሪያው ደግሞ አያያዙ ከአፈሙዙ መስመር ሲጣመም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ጠዋት ተጫዋች ከመምጣቱ በፊት አንድ ማርከር ይያዙና በሁለት ክሮኖግራፎች ፊት አሥር አሥር ጊዜ ይተኩሱ። ልዩነቱ ከጥቂት ጫማ ካለፈ አንደኛው ከሥራ ይውጣ። ቀትር ላይ ይድገሙት። የመለኪያው ትክክለኛነት የተጻፈበት ወረቀት በእጅዎ ከሌለ፣ የመጀመሪያው የተቀጣ ቡድን የሚይዘው ክርክር ይሄው ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ጠረጴዛ። እዚህ ቦታ ላይ ሁሉም ሰው፣ ዳኛውም ጭምር፣ የፊት ጭምብሉን አድርጎ ይቁም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማርከር አፈሙዙ በከረጢት ይሸፈን።

ጠረጴዛው ላይ የሚሠራ አንድ ማታለያ ቦርድም ብሎንም አይነካም፤ የሚለወጠው ኳሱ ነው። የኳስ መጠን ከካርቶን ካርቶን፣ ከአየር እርጥበት ጋርም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ከአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት ያነሰች ኳስ ስትተኮስ አየሩ በዙሪያዋ ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀስ ትላለች። ልክክ የምትል ኳስ ግን አየሩን ሁሉ ትጠቀማለች። ብልጡ ተጫዋች ትንንሽ ኳሶችን ይዞ ይቀርብና 295 ያስመዘግባል፤ ሜዳ ሲገባ ልክክ የሚሉትን ሆፐሩ ውስጥ ይጨምራል፤ ወይም ጠበብ ያለ አፈሙዝ ቀይሮ ይገባል። ብሎን አልዞረም፣ ቦርድ አልተነካም፣ ማርከሩ ግን ከጣሪያው በላይ ይተኩሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልኬቱ ተጫዋቹ በሚጫወትበት አፈሙዝና በዚያው ቀን በሚጠቀምበት ኳስ ይሁን፤ ኳሶቹን ደግሞ ከኪሱ ሳይሆን ከቀበቶው መያዣዎች መካከል ዳኛው ራሱ መርጦ ያውጣ። አንድ ኳስ ከማርከሩ በተነቀለው አፈሙዝ ውስጥ አስገብቶ በአፍ እፍ ማለት ስለ ልክነቱ ብዙ ይናገራል፤ ሳትነካ ተንከባልላ ከወጣች ሰፍቷታል።

ፍጥነቱ ጸድቆ ከተመዘገበ በኋላ የፍጥነት ማስተካከያው ብሎን ላይ የጥፍር ቀለም ይቀቡ። አዎ፣ ሴቶች የሚቀቡት የጥፍር ቀለም። ቀጭን መስመር ከብሎኑ ራስ ጀምሮ ወደ አካሉ ተሻግሮ ይሰመር፤ ብሎኑ በሩብ ዙር እንኳ ቢነካ መስመሩ ይሰበራል። ለየቀኑ ሌላ ቀለም ይምረጡ፤ አለዚያ ከሱቅ ተመሳሳዩን ገዝቶ የሚመልሰው አይጠፋም። ይህ ዘዴ ለደኅንነትም ያገለግላል። በአሜሪካ ተጫዋቾች ሲሊንደሩን ከማርከሩ የፈቱ መስሏቸው ቫልቩን ከሲሊንደሩ ሲፈቱት፣ የታመቀው ጋዝ ብረቱን አስወንጭፎት ሰው ገድሏል። በቫልቩና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ የሚለው ምክር የተሰጠው ከዚያ ወዲህ ነው። እርስዎም ሁለቱንም ቦታ ይመልከቱ፤ የሲሊንደሩ የግፊት ምርመራ ቀን ካለፈ (በአሜሪካ እንደ ዓይነቱ በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ ነው) ማርከሩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ሜዳ አይግባ።

የመለያ ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ የመጠባበቂያውንም ጭምር። በጃንዋሪ 2016 ቤልጅየም ሆይስደን ዞልደር በተደረገው የሳይክሎክሮስ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በተወዳዳሪዋ በፌምኬ ፋን ደን ድሪሽ መጠባበቂያ ብስክሌት ውስጥ የተደበቀ ሞተር ተገኘ። ብስክሌቱ የቆመው ብስክሌት በሚቀየርበትና በሚታጠብበት ስፍራ ነበር። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ተወዳዳሪዋን ለ6 ዓመት አገዳት፣ 20,000 የስዊስ ፍራንክም ቀጣት። ፔይንትቦል ውስጥም መጀመሪያ የሚቀርበው ማርከር ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሁለተኛው ጨዋታው መሐል ላይ «ተበላሸብኝ» ተብሎ ከሻንጣ ይወጣል። ያልተመዘገበ መሣሪያ መስመሩን አያልፍም የሚል ደንብ ይህንን በር ይዘጋዋል።

በተጫዋቹ ፊርማ ላይ ብቻ መደገፍም አያዋጣም። ይህን ለማስረዳት የኛው ሯጭ የደራራ ሁሪሳ ታሪክ ይበቃል። በሴፕቴምበር 2021 የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ከውድድሩ በፊት በሞላው ቅጽ ላይ ግን የጻፈው የሚፈቀድ ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተላለፈ። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት፣ መነሻው ላይ አንድ ሰው ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ኖሮ ሁሉም ከዚያ ኀፍረት ይድን ነበር። ቅጹ ይሞላ፤ ዓይን ግን ቅጹን ሳይሆን ዕቃውን ይይ።

የጠዋት ምርመራ የሚያረጋግጠው የጠዋቱን ብቻ ነው። እውነተኛው ፍተሻ ያለው ተጫዋቹ ከሜዳ በሚወጣበት ቅጽበት ላይ ነው። የተመታ ተጫዋች እጁን አንሥቶ ሲወጣ፣ ወይም ፊሽካ ተነፍቶ ዙሩ ሲያበቃ፣ ዳኛው ከኋላ ይቅረብና «ማርከሩን ወደ ላይ» ይበል። ከዚህ በኋላ የሚታዩት ጣቶቹ ናቸው። አውራ ጣቱ ወደ መያዣው ጀርባ ከሄደ የማብሪያ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ጠቋሚ ጣቱ ቃታውን በተለየ ስልት ነካ ነካ ካደረገ ምናልባት ቦርዱን እያዘዘው ነው። ድብቅ ፕሮግራም የተጫነባቸው ቦርዶች በተወሰነ የቃታ አሳሳብ ይነሣሉ፤ ማርከሩ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲላቀቅ ደግሞ ወደ ሕጋዊው ሁኔታ ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ ዳኛው ማርከሩን እንደበራ ይቀበል፣ ከነሆፐሩ ከነኳሱ ሳይነጣጥል ወደ ክሮኖግራፉ ይውሰደው። ተጫዋቹ ከሜዳው አጥር ሳይወጣ፣ ከጓደኞቹም ሳይቀላቀል ይለካ። ማን እንደሚፈተሽ አስቀድሞ መታወቅ የለበትም፤ ይሁን እንጂ በየዙሩ ከሁለቱም ቡድኖች እኩል ሰው ይጠራ።

ልኬቱ ሦስት ክፍል ይኑረው። መጀመሪያ ሦስት ነጠላ ተኩሶች። ቀጥሎ ፈጣን ተከታታይ ተኩስ፤ ሜዳ ላይ የሚተኮሰው እንደዚያ ነውና። በመጨረሻ ማርከሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይረፍና አንድ ጊዜ ይተኮስ። የአየሩን ግፊት የሚቆጣጠረው ክፍል (ሬጉሌተር) በትክክል ካልያዘ በእረፍቱ ጊዜ ቀስ በቀስ ግፊት ያከማቻል፤ የመጀመሪያዋ ኳስ ከሌሎቹ 20 ወይም 30 ጫማ በላይ ትወጣለች። ይህ የዕቃ ብልሽት ሊሆን ይችላል፤ ኳሷ ያረፈችበት ሰው ግን ልዩነቱን አያውቅም።

የተኩስ ብዛቱን ለመለካት ኢላማ ተኳሾች የሚጠቀሙበት፣ ድምፅ ሰምቶ ጊዜ የሚይዝ ሰዓት ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ጣሪያው በሰከንድ 10 ከሆነ በሁለት ተኩሶች መካከል 100 ሚሊ ሰከንድ መኖር አለበት፤ ሰዓቱ 70 ካሳየ ማርከሩ በሰከንድ ከ14 በላይ እየተፋ ነው። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የገደል ማሚቶው ቁጥሩን ያበዛዋል፤ ሰዓቱን ወደ አፈሙዙ ያስጠጉት። የስልክ ቪዲዮም ይረዳል። ድምፁን በማንኛውም የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሲከፍቱት እያንዳንዱ ተኩስ ለብቻው እንደ ጫፍ ተነሥቶ ይታያል። ችግሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ ጫፎቹ ይደበላለቃሉ። በዚህ ምክንያት የተመልካች ቪዲዮ ማርከር ለመጥራት እንጂ ለመቅጣት አይበቃም።

ከፊል አውቶማቲክ ብቻ በሚፈቀድበት ውድድር ላይ የሚጨመር አንድ ፈተና አለ። ቃታ ሲሳብ የቃታው ማብሪያ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገናኛል፣ ይለያያል። ቦርዱ ይህንን መንቀጥቀጥ ንቆ አንዱን ብቻ እንዲቆጥር የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ማስተካከያው እጅግ ዝቅ ከተደረገ አንድ ስበት ሁለት ሦስት ኳስ ያወጣል። ተጫዋቹም «ሕገወጥ ቦርድ አልገጠምሁም» ብሎ ይምላል፤ እውነቱንም ነው። ዳኛው ቃታውን እጅግ ቀስ አድርጎ ይሳብ፣ ተኩሱ የሚነሣበት ነጥብ ላይ ጣቱን አላልቶ ያቆየው። ማርከሩ በራሱ ርግጫ እየተነካ መተኮሱን ከቀጠለ ወድቋል።

አልባሳቱና የኳሱ ቀለም ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ኳስ እንዲነጥር ሆን ተብሎ ወፍራም ስፖንጅ የተደረበበት ወይም ቀለሙን የሚመጥጥ ልብስ፣ ከኳሱ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ማሊያ፣ ደም የሚመስል ቀይ ቀለም ያለው ኳስ፦ ሦስቱም በእጅ ዳሰሳና በዓይን ይለያሉ።

አስቸጋሪው ክፍል ከልኬት በኋላ ነው። 303 ያስመዘገበና 335 ያስመዘገበ ተጫዋች በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ ማርከር ለሙቀት እጅግ ስስ ነው፤ የጋዙ ግፊት በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ሲሆን በ30 ዲግሪ 72 ይደርሳል፤ ጠዋት በብርድ የተስተካከለ መሣሪያ ቀትር ላይ ከጣሪያው ቢያልፍ አይገርምም። የታመቀ አየር በዚህ ረገድ የተረጋጋ ነው፤ ለውድድር እሱን ብቻ መፍቀድ ግማሽ ክርክሩን ያስቀራል። ለትንሽ ብልጫ ተጫዋቹ ከዙሩ ይውጣና ማርከሩን ያስተካክል። ለትልቅ ብልጫ ቡድኑም ይነካ፤ ከበረዶ ሆኪ በተወረሰው የቅጣት ሳጥን ውስጥ ተጫዋቹ ሲቀመጥ ቡድኑ በጎደለ ሰው ይጫወታል፤ ያኔ ቡድን መሪው ራሱ የልጆቹን ማርከር መፈተሽ ይጀምራል። የተሰበረ የጥፍር ቀለም መስመር ወይም ድብቅ ፕሮግራም ግን የሙቀት ጉዳይ አይደለም፤ ቅጣቱ ከውድድሩ መባረር ነው።

የተቃራኒ ቡድን አቤቱታ በጆሮ ዳባ ልበስ አይታለፍ። በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ በዘመናዊው ፔንታትሎን የሰይፍ ግጥሚያ የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ሳይነካ የንክኪ መብራት ሲበራለት «አልነካኝም» ብሎ የተከራከረው የብሪታንያው ጂም ፎክስ ነበር። ሰይፉ ተወስዶ ሲመረመር እጀታው ውስጥ መብራቱን የሚያበራ የተደበቀ ማብሪያ ተገኘበት። የሚያስገርመው፣ ኦኒሽቼንኮ ከመባረሩ በፊት በሌላ ተራ ሰይፍ እየተጋጠመ ማሸነፉን ቀጥሎ ነበር። «እሱ እኮ ጎበዝ ነው፣ ምን ያስፈልገዋል?» የሚለው ሙግት ለዳኛ ማስረጃ አይሆንም። የተገላቢጦሹም አለ፤ አንድ ጥፋት ሌላውን ዕቃ ሁሉ አያስወነጅልም። በጁን 2003 የቤዝቦል ተጫዋቹ የሳሚ ሶሳ ዱላ ተሰብሮ ውስጡ የተከለከለ ቡሽ ሲገኝበት፣ የሊጉ ኃላፊዎች ሌሎቹን 76 ዱላዎቹን በራጅ መርምረው አንድም አላገኙም። ቅጣቱ ለተገኘው አንድ ዱላ ብቻ ሆነ፤ 7 ጨዋታ ታገደ።

ስለዚህ የተጠረጠረ ማርከር ሲያዝ ሁለት ዳኞችና ቡድን መሪው በአንድነት ይቁሙ። የልኬቱ ቁጥር ከነሰዓቱ ይጻፍ፣ የክሮኖግራፉ መስኮት ፎቶ ይነሣ። ዳኛ ማርከር አይፍታ፤ ሲሊንደሩ ተለይቶ በውስጡ የቀረው አየር ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ፣ በባለቤቱ ፊት፣ ዕቃውን የሚያውቅ ቴክኒሻን ይክፈተው። ባለቤቱ አላስከፍትም ካለ ማስገደድ አይቻልም፤ እምቢታው ምን ቅጣት እንደሚያስከትል ግን በደንቡ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ይጠብቀው። ምንም ካልተገኘ ማርከሩ እንደነበረ ተገጥሞ፣ ፍጥነቱ በድጋሚ ተለክቶ፣ አዲስ መስመር ተቀብቶበት ከቀጣዩ ዙር በፊት ይመለስለት፤ መዝገቡ ላይም «ተመርምሮ ነፃ ሆኗል» ተብሎ ሁለቱ ዳኞችና ቡድን መሪው ይፈርሙበት።